አሴንሽን ደሴት፦ ስለ ወታደራዊው ማረፊያ የጠየቃችሁኝ

ስለ አሴንሽን ደሴት የጻፍኩትን አንብባችሁ የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ እመልሳለሁ። ላላነበበ በአጭሩ፦ አሴንሽን በደቡብ አትላንቲክ መሀል፣ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ያለች የእንግሊዝ ግዛት ናት። ስፋቷ 88 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። «ዋይድአዌክ» የሚባል ወታደራዊ የአውሮፕላን ማረፊያ አላት፤ ጥያቄዎቻችሁም በብዛት ስለሱ ናቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የወታደር ማረፊያ ከሆነ እኔን ማን ያሳርፈኛል? ከአዲስ አበባስ በየት ይኬዳል?

ታርፋለህ ወንድሜ፣ ግን ፈቃድ አስቀድመህ ያዝ። ቪዛ ሳይኖርህ ሄደህ እዚያው ስትደርስ አወጣለሁ ብለህ አታስብ። ስትታመም በአውሮፕላን የሚያስወጣህን ወጪ ጭምር የሚሸፍን የጤና ኢንሹራንስም ያስፈልግሃል። ከአዲስ አበባ ጆሃንስበርግ ግባ። ከዚያ ኤርሊንክ በሚባለው አየር መንገድ ሴንት ሄሌና ወደምትባለው ሌላ የእንግሊዝ ደሴት፣ ከዚያ አሴንሽን። ከሴንት ሄሌና ወደ አሴንሽን ያለው በረራ ሲጀመር በወር አንዴ ብቻ ነበር። ስለዚህ የመመለሻህን ቀን ሳታረጋግጥ ቲኬት አትቁረጥ።

ማረፊያው ለምን «ዋይድአዌክ» ተባለ?

በወፍ ስም ነው። እንቅልፍ በሚነሳ ጩኸቷ የተነሳ «ዋይድአዌክ» የምትባል የባሕር ወፍ አለች፤ ትርጉሙ «እንቅልፍ የሌለው» እንደማለት ነው። ደሴቷ ላይ በብዙ ሺህ ትሰፍራለች፤ የምትራባውም በየዓመቱ ሳይሆን በየ10 ወሩ ገደማ ነው። አሜሪካኖች በ1942 ማኮብኮቢያውን ሲሠሩ ወፎቹ አጠገቡ ነበሩ። ያኔ ከብራዚል ተነስተው ወደ አፍሪካ የሚሻገሩ አውሮፕላኖች እዚህ ነዳጅ ይሞሉ ነበር። ያቺን ነጥብ የምታህል መሬት መሳት ማለት ባሕር ውስጥ መግባት ነው። አብራሪዎቹም «አሴንሽንን ከሳትኩ ሚስቴ ጡረታዬን ትበላለች» ይሉ ነበር። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ይፈራል።

በ2017 ምን ሆኖ ነው በረራ የተቋረጠው?

ማኮብኮቢያው ተጎድቶ ነው። አስፋልቱ ተቦረቦረ። ከእንግሊዝ ወደ ፎክላንድ (በደቡብ አትላንቲክ ወዳሉት ሌሎች የእንግሊዝ ደሴቶች) የሚሄደው ትልቅ የወታደር አውሮፕላን እዚህ ማረፍ አቆመ፤ በሌላ መንገድ መሄድ ጀመረ። ለወታደሩ ችግሩ መንገድ መቀየር ነው። ደሴቷ ላይ ለሚሠራው ሰው ግን ትልቁ መውጫ በሩ ተዘጋበት ማለት ነው። ትልልቆቹ አውሮፕላኖች የተመለሱት በ2023 ነው። ስድስት ዓመት ገደማ! ስለ ወታደራዊ ማረፊያ ሲወራ እነዚህ ሰዎች ብዙ ጊዜ አይነሱም፤ እኔን የሚያሳዝነኝ እሱ ነው።

እዚያ ሄዶ መኖር፣ ቤት መሥራትስ ይቻላል? (ከአዳማ)

አይቻልም እህቴ። በአሴንሽን ቋሚ ነዋሪ የሚባል የለም። ሁሉም በሥራ ኮንትራት የመጣ ሰው ወይም የእሱ ቤተሰብ ነው። ሥራው ካለቀ ደሴቷን ለቅቆ ይወጣል። አብዛኛው ሠራተኛ የሴንት ሄሌና ሰው ነው። ዕድሜውን እዚያ ጨርሶ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ጡረታ ሲወጣ ዕቃውን ይሸክፋል። ይህ ትክክል አይመስለኝም። አንድ ሰው 30 ዓመት የሠራበት ቦታ አገሩ ካልሆነ ምኑ ነው?

ስሟ ከዕርገት በዓል ጋር ይገናኛል? (ከአንድ አዛውንት አንባቢ)

አዎ አባባ፣ ልክ ነዎት። ፖርቱጋላዊው መርከበኛ አልቡከርኬ በ1503 ደሴቷን ያያት በዕርገት ቀን ነበር። ስሟ ወደኛ ቋንቋ ሲመለስ «የዕርገት ደሴት» ነው።

ኤሊዎቹን ለማየት መቼ ልሂድ?

ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሂጂ። የባሕር ኤሊዎቹ ከብራዚል ዳርቻ ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ዋኝተው መጥተው ሌሊት አሸዋው ውስጥ ዕንቁላል ይጥላሉ። የእጅ ባትሪና የስልክ መብራት አታብሪ። እናቲቱ ትደነግጣለች፤ የተፈለፈሉትም ብርሃኑን ተከትለው ከባሕር ይርቃሉ። ጨለማውን ታግሰሽ ቁጭ በይ፣ ዓይንሽ ይለምደዋል።