ልጆችን ይዞ ጅቡቲ መግባት፦ ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ስለ ጅቡቲ ናቸው። አይገርምም። አብዛኛው የገቢ ዕቃችን የሚያልፈው በዚያ ወደብ ነው፤ በትራንዚትና በሎጂስቲክስ ሥራ ወደዚያ የሚመደብ ሰው አይጠፋም። ጠያቂዎቼ ታዲያ ትንንሽ ልጆቻቸውንም ይዘው መሄድ ይፈልጋሉ።

«ባለቤቴ ጅቡቲ ሥራ አገኘ። እዚህ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ የ3 እና የ6 ዓመት ልጆቼን ይዤ ልከተለው አስቤያለሁ። ጊዜው ጥሩ ነው?» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

አይደለም እህቴ። ከዚህ የባሰ ጊዜ መምረጥ ይከብዳል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ይበልጣል፤ ካምሲን የሚሉት ትኩስና አቧራማ ነፋስም ይነፍሳል። ልጆችሽ ከክረምቱ ሹራብ ወጥተው በቀጥታ እዚያ ውስጥ ይገባሉ ማለት ነው። ጓደኛ የላቸውም፣ ትምህርት ዝግ ነው፣ ደጅ አይወጣም። ኤሲ ባለበት አንድ ክፍል ተዘግተው ይከርማሉ፤ የመብራቱ ሂሳብ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። አቅም ያለው ጅቡቲያዊ ራሱ በዚያ ወቅት ወደ አርታ ከፍታ ወይም ወደ ድሬዳዋ ይወጣል። ሰዉ ከከተማው ሲወጣ አንቺ ልትገቢ ነው።

ባለቤትሽ ቀድሞ ይሂድና ቤት ይፈልግ። እናንተ የትምህርት መጀመሪያ ሲቃረብ ግቡ። መስከረም ገና ይሞቃል፤ ግን ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ እየቀለለ ነው የሚሄደው። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ ያለው ጊዜ ደህና ነው፤ ማታ ማታ ልጆች ውጪ ይጫወታሉ። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ገደማ ነው። በባቡር ከሄዳችሁ ግን ድሬዳዋ ላይ ጥቂት ቀን እደሩ። ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያደገ ልጅ ባሕር ጠርዝ ከመድረሱ በፊት መሀል ላይ ሙቀት ቢለማመድ ይሻለዋል።

«ድርጅቱ ደመወዜን በብር ይከፍለኛል። ቤተሰብ ይዤ ልኑር?» (አባት፣ ከአዳማ)

አይሆንም። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ1 ዶላር 177 ገደማ ላይ ተቸንክሮ ያለ ገንዘብ ነው። ብር ከሐምሌ 2016 ወዲህ የት እንደደረሰ አንተም ታውቃለህ። አትክልቱና ፍራፍሬው ራሱ ከኢትዮጵያ ተጭኖ ስለሚሄድ እዚያ ሲደርስ ዋጋው ሌላ ነው። ደመወዙ በፍራንክ ወይም በዶላር መሆኑ ኮንትራቱ ላይ ይጻፍ። ካልሆነ ብቻህን ሂድ፤ ቤተሰብህ እዚሁ ይቆይ።

«ልጆቼ ወባ አያውቁም። ጅቡቲ በረሃና ወደብ ነው፣ ረግረግ የለውም። መስጋት አለብኝ?» (አባት፣ ከደብረ ብርሃን)

አዎ፣ ስጋ። እኛ የለመድናት የወባ ትንኝ የገጠርና የረግረግ ናት። በ2012 እ.ኤ.አ. ጅቡቲ ላይ የተገኘችው ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ሌላ ዝርያ ናት፤ ከተማ ትወዳለች። የምትራባው በበርሜል፣ በሮቶና ውሃ በሚጠራቀምበት ዕቃ ሁሉ ውስጥ ነው። በዚያ ዓመት የተመዘገበው የወባ ታማሚ 27 ብቻ ነበር። በ2020 ከ70 ሺህ አለፈ። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው ወረርሽኝም ምክንያት የሆነችው እሷው ናት።

ስለዚህ ቤት ስትከራይ ከሳሎኑ በፊት ጣሪያውን እይ። ሮቶው ክዳን አለው? ግቢው ውስጥ ክፍት በርሜል አለ? ልጆቹ አጎበር ውስጥ ይተኙ፤ የቀን እንቅልፋቸውንም ጭምር፣ ምክንያቱም ቀን የምትነክሰውና ዴንጊ የሚባለውን የትኩሳት በሽታ የምታስተላልፈው ትንኝም አለች። ከደጋ የሄደ ልጅ ወባን የተለማመደ ሰውነት የለውም፤ ቶሎ ይጎዳል። ትኩሳት ካየህ «ጥርስ እያበቀለ ነው» እያልክ አትደር፤ በዚያው ቀን አስመርምር። እስከዚያው ለትኩሳቱ ፓራሲታሞል ይበቃል። አስፕሪንና አይቡፕሮፌን አትስጥ፤ ዴንጊ ከሆነ የደም መፍሰስ ሊያባብሱ ይችላሉ።

የቢጫ ወባ ክትባት ሌላ ነው። ካርዱ የሚጸናው ከተከተቡ ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ ለጉዞው ዋዜማ አይተው።

«የ7 ወር ልጅ አለኝ። የቧንቧውን ውሃ አፍልቼ ዱቄት ወተት ብበጠብጥላትስ?» (እናት፣ ከሐዋሳ)

የከተማው ቧንቧ ውሃ ጨው ጨው ይላል። ማፍላት ጀርም ይገድላል፤ ጨውን ግን አያወጣም። ለሕፃን ጨው የበዛበት ውሃ ጥሩ አይደለም። ለወተቷ ጨው ያልበዛበት የታሸገ ውሃ ግዢ፣ እሱንም አፍዪው። የቧንቧው ለማጠቢያ ይሁን።

«የ5 ዓመት ልጄ የሚያውቀው አማርኛና ትንሽ እንግሊዝኛ ነው። እንዴት ይማራል?» (እናት፣ ከአዲስ አበባ)

ትምህርቱ በዋናነት በፈረንሳይኛ ነው፣ አረብኛም አለ፤ ሰፈር ውስጥ ደግሞ ሶማልኛና አፋርኛ ይሰማል። በ5 ዓመቱ ለእሱ ብዙም አይከብደውም። የመጀመሪያዎቹን ወራት ክፍል ውስጥ ዝም ቢል አትደንግጪ፤ እያዳመጠ ነው። አንደኛ ክፍል የሚጀመረው በ6 ዓመት ስለሆነ ይህችን የኬጂ ዓመት አታባክኝበት።

ከባዱ የአንቺ ነው። የቤት ሥራው በፈረንሳይኛ ሲመጣ ማን ያግዘዋል? አብራችሁ ተማሩ። የምትቆዩት ለዓመት ለሁለት ዓመት ብቻ ከሆነ ግን የኢትዮጵያ ኮሚኒቲ ትምህርት ቤትን ጠይቂ፤ ስትመለሱ እንግሊዝኛውን ከዜሮ አይጀምርም። የእረፍት ቀን ዓርብና ቅዳሜ መሆኑንም ልብ በይ። እሑድ ትምህርት አለ። ቅዳሴ ለለመደ ቤት ይህ ቀላል ለውጥ አይደለም።

«የልጅ ልጆቼ አማርኛ ይረሱብኝ ይሆን?» (አያት፣ ከድሬዳዋ)

እማማ፣ እርስዎ ካሉ አይረሱም። በስልክ ተረት ይንገሯቸው፣ ስለ ውሏቸው ይጠይቋቸው። የሰዓት ልዩነት የለም፤ አቆጣጠሩ ነው የሚለያየው። «በ8 ሰዓት ደውዪ» ካሉዎት ጠዋት 2 ሰዓት ማለታቸው ነው። በሐምሌ ደግሞ ወደ እርስዎ ያምጧቸው ይበሉ፤ ለወላጆቹም ግልግል ነው።

«ባሕር አይተው የማያውቁ ልጆች ይዤ ነው የምሄደው። ምን ላስብ?» (አባት፣ ከጎንደር)

ፀሐዩን አስብ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት በፊት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ውሰዳቸው። ውሃው ጸጥ ያለ ቢመስልም ከእጅህ አይራቁ፤ ክንድ ላይ የሚነፋው ፕላስቲክ መጫወቻ እንጂ ዋስትና አይደለም። ኮራልና እሾሃማ የባሕር ፍጥረት እግር ይወጋል፤ በባዶ እግር አይግቡ። ውድ ጫማ አያስፈልግም፤ ገበያ ላይ ያለው የፕላስቲክ ኮንጎ ይበቃል። አንድ ቁጥር ከፍ አድርገህ ከዚሁ ግዛላቸው፤ እግራቸው ቶሎ ያድጋል።