እግርሽን ቁጠሪ፦ በዳንስ ስፖርት ለመሥራት ላሰብሽው እህቴ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሐኪሙ «ተንቀሳቀሺ» ብሎሻል። ትሬድሚል ይሰለችሻል፣ ዳንስ ግን ትወጃለሽ። «ዳንስ የምር ስፖርት ይሆናል ወይ? ጥሩ ኮሪዮግራፊንስ ከመጥፎው በምን እለያለሁ?» ነው ያልሽው። ኮሪዮግራፊ ማለት የዳንሱ እንቅስቃሴዎች የሚቀናበሩበት ቅደም ተከተል ነው። ከጥያቄሽ ስር «ጭፈራና ስፖርት ምን አገናኘው» ብለው የጻፉልሽን ሰዎች አትስሚያቸው። እኔም የዛሬ 6 ዓመት ልክ እንዳንቺ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ ነበር የምውለው። ደረጃ ስወጣ ትንፋሼ ቁርጥ ቁርጥ ይል ነበር። ዛሬ በሳምንት 4 ቀን እደንሳለሁ፣ ለ12 ሴቶች ኮሪዮግራፊ የምሠራውም እኔ ነኝ። በመሀል ግን ጉልበቴ ተጎድቶ 7 ወር ቁጭ ብያለሁ። ያ እንዳይደርስብሽ ብዬ ነው የምጽፈው። ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ።

ስፖርት ነው ወይ የሚለውን በአጭሩ ልመልስ። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአንድ ጎልማሳ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ፣ ወይም ከ75 እስከ 150 ደቂቃ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴ ይመክራል። ልብ ደግሞ በሩጫ ይምታ በዳንስ አይመርጥም። መለኪያው ቀላል ነው። እየደነስሽ ማውራት ችለሽ መዝፈን ካቃተሽ መካከለኛው ላይ ነሽ። ከጥቂት ቃላት በኋላ ትንፋሽ ካጠረሽ ጠንከር ያለው ውስጥ ገብተሻል። ዘፈኑን ከዳር እስከ ዳር አብረሽ የምትዘፍኚ ከሆነ ግን ገና እያሟሟቅሽ ነው። ያው መመሪያ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ሥሩ ይላል። ዳንሱ ብቻውን ይህን አይሸፍንልሽም። እኔ ችላ ብዬው ነበር። የጭን ጡንቻ ለጉልበት ምን ያህል ድጋፍ እንደሆነ የገባኝ ከተጎዳሁ በኋላ ነው።

አሁን ወደ ምክሩ።

1. የሩጫ ጫማሽን ይዘሽ አትሂጂ። የሩጫ ጫማ የተሠራው ወደ ፊት ለመሄድ ነው። ሶሉ ወለሉን ጨብጦ ይይዛል። ዳንስ ደግሞ ወደ ጎን መሄድና መዞር ይበዛዋል። አንቺ ስትዞሪ ጫማው ካልዞረ፣ መሀል ላይ የምትጠመዘዘው ጉልበትሽ ናት። ለዳንስ የሚሠሩት ስኒከሮች ከፊት በኩል፣ በምንዞርበት የእግር ክፍል ላይ፣ ለስለስ ያለ ሶል አላቸው። እሱን ካላገኘሽ ሶሉ ያለቀና ጠፍጣፋ የሆነ ጫማ ይሻልሻል።

2. ወለሉን በእግርሽ ሞክሪው። ጥሩ የዳንስ ወለል ከስሩ ትንሽ ይለጠጣል፣ ስትዘይ ይቀበልሻል። ሲሚንቶ ላይ የተለጠፈ ሴራሚክ አይቀበልሽም። ባትሽና የቅልጥምሽ አጥንት ይከፍልበታል። ምንጣፍ ደግሞ እግር ይይዛል። ቤት ውስጥ የምትሠሪ ከሆነ በካልሲ አትሞክሪ፣ ያንሸራትታል።

3. «ከፍተኛ» ወደሚባለው ክፍል አትቸኩዪ። እዚህ ላይ ነው ታሪኬ የሚጀምረው።

በጀመርኩ በ3ኛው ወር ስቴፖቹ (የእግር አረጋገጦቹ) ቶሎ ይገቡኝ ጀመር። ሰው «አንቺማ ተፈጥሮሽ ነው» ሲለኝ ደስ አለኝ። ሳላመነታ ወደ ከፍተኛው ክፍል ገባሁ። አሰልጣኙ ሲደንስ ዓይን አያስነቅልም፣ ይህን አልክድም። ግን የሚደንሰው ለራሱ ነበር። ጀርባውን ሰጥቶን ይሠራል፣ የሚቀጥለው ስቴፕ ምን እንደሆነ ቀድሞ አይናገርም። ዳንስ ከ1 እስከ 8 እየተቆጠረ ነው የሚሠራው፣ እኛ ሁልጊዜ ግማሽ ቆጠራ ወደ ኋላ ቀርተን እናሳድደዋለን።

አንድ ቀን አዲስ ነገር አመጣ። ወደ ቀኝ በፍጥነት ትሄጃለሽ፣ 8 ላይ በቀኝ እግርሽ ታርፊያለሽ፣ ከዚያ 1 ላይ ሳትቆሚ ወደ ግራ ዞረሽ በዚያው በቀኝ እግር ትረግጫለሽ። አስቢው። ክብደትሽ በሙሉ ቀኝ እግርሽ ላይ ነው። ያው እግር ደግሞ ለሚቀጥለው ስቴፕ መነሳት አለበት። እግሬ ታጥፎ ወለሉ ላይ ቀረ፣ ጫማዬ አልለቅ አለ፣ ሰውነቴ ዞረ። ጉልበቴ ውስጥ አንድ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁት።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ይህ አልነበረም። ትልቁ ጥፋቴ አለማቆሜ ነው። 20 ደቂቃ ቀርቶ ነበር፣ ሰው ምን ይለኛል ብዬ ጨረስኩት። ማታ ጉልበቴ አበጠ። በ2ኛው ቀን «ወለምታ ነው» ብዬ አስሬው ተመለስኩ። ያኔ ባቆም ኖሮ 7 ወር ባልሆነ ነበር ብዬ ዛሬም ይቆጨኛል። ምርመራው ሲመጣ ሜኒስከሱ ተቀዷል ተባለ። ሜኒስከስ በጭን አጥንትና በቅልጥም አጥንት መሀል እንደ ትራስ የተቀመጠው ነገር ነው። ታጥፎ ክብደት በተሸከመ ጉልበት ላይ መጠምዘዝ ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚቀደደው እሱ ነው።

የአባልነት ክፍያዬ ገና 5 ወር ይቀረው ነበር። የሐኪም ወረቀት ይዤ፣ በክራንች፣ ወደ እንግዳ መቀበያው ሄድኩ። የጠየቅኩት ገንዘቤን አልነበረም። እስክድን ድረስ ያዙልኝ ነው ያልኩት። ልጅቷ ከስልኳ ቀና ሳትል «ደንቡ አይፈቅድም» አለችኝ። ሥራ አስኪያጁን አገናኚኝ ስላት 40 ደቂቃ አቆመችኝ። ወንበር እንኳ አላቀረበችልኝም። እሱም መጥቶ «እዚህ ሰው በራሱ ኃላፊነት ነው የሚደንሰው» ብሎኝ ሄደ። እህቴ፣ ከመክፈልሽ በፊት «ብጎዳ አባልነቴ ይቆምልኛል ወይ?» ብለሽ ጠይቂ። መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። በቃል የተባለ ነገር የለም በይ።

እኔን ያዳነኝ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ናት። በመጀመሪያው ቀን እንደ ሌሎቹ «ምን አስደነሰሽ» አላለችኝም። «ስትጎጂ ክብደትሽ የትኛው እግር ላይ ነበር?» አለችኝ። አላውቅም አልኳት። አንዷ ጓደኛዬ የቀረጸችው ቪዲዮ ነበር፣ አሳየኋት። ፍጥነቱን ቀንሳ ደጋግማ አየችው። ከዚያ «እዚህ ጋ የሚነሳ እግር የለሽም» አለችኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር ዳንስን የምመለከትበትን ዓይን ለወጠችው።

ምክሩን በተራ ቁጥር መዘርዘሩን እዚህ ላይ ልተወው፣ ምክንያቱም ጥሩ ኮሪዮግራፊ ምንድን ነው ላልሽው ዋናው መልሴ ይህ ነው። ስቴፖቹ ማማራቸውን አትዪ። በስቴፖቹ መሀል ያለውን መሸጋገሪያ እዪ። አንዱ ስቴፕ ሲያልቅ ክብደቱ ግራ ላይ ከሆነ፣ ቀጣዩ በቀኝ መጀመር አለበት። እግርሽ ራሱ «አሁን የኔ ተራ ነው» ይልሻል። ጥሩ ኮሪዮግራፊ ውስጥ ሰውነትሽ ቀጣዩን ስቴፕ ሳይነገረው ይገምተዋል። መጥፎው ውስጥ በየ8 ቆጠራው ትንሽ ትደናቀፊያለሽ፣ «እኔ ነኝ የማልችለው» ብለሽም ራስሽን ትወቅሻለሽ። እኔ ለ3 ወር ራሴን ስወቅስ ነበር። ጥፋቱ የኔ አልነበረም።

ሁለተኛው ነገር ሙዚቃው ነው። ለዳንስ የምንጠቀምበት ዘፈን አብዛኛው በ8 በ8 ነው የሚቆጠረው። 4 ጊዜ 8 ስትቆጥሪ 32 ይሆናል። እዚያ ላይ ዜማው አንድ ሐሳብ ጨርሶ ሌላ ይጀምራል። ጥሩ ኮሪዮግራፊ ከዚያ ጋር አብሮ ይጀምራል፣ አብሮ ያልቃል። አዝማቹ ሲመጣ አንቺም ትልቁን እንቅስቃሴ ይዘሽ ትደርሻለሽ። ይህ ሲገጥም የሚሰማው ደስታ ልዩ ነው፣ ድካሙን ያስረሳሻል። ፍጥነቱን ማወቅ ከፈለግሽ በ15 ሰከንድ ውስጥ ስንት ምት እንዳለ ቁጠሪና በ4 አባዢው። እኔ ለማሟሟቂያ በደቂቃ 120 አካባቢ፣ ለዋናው ከ130 እስከ 140 ነው የምመርጠው። ከዚያ በላይ ከሄደ እግር ሳይጨርስ ይነሳል፣ እንቅስቃሴው ያጥራል፣ ጉልበት ላይም ይመጣል።

ግራና ቀኝም አለ። 32ቱን በቀኝ ከጀመርሽ፣ ያንኑ በግራ መድገም አለብሽ። ብዙ አሰልጣኞች በቀኝ ብቻ ያሠራሉ፣ እነሱ ስለሚቀናቸው። ወር ሙሉ በአንድ በኩል ስትዞሪ አንድ ዳሌ ብቻ ይደክማል።

አሠራሩንም እዪ። ጥሩ አሰልጣኝ መጀመሪያ እግሩን ብቻ ያስተምርሻል። እሱ ሲገባሽ እጅ ይጨምራል። መዞር የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። አንዱን ክፍል፣ ቀጥሎ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሁለቱን አገናኝቶ ነው የሚሄደው። ስቴፕ ከመቀየሩ 4 ቆጠራ ቀድሞ ይጠራል። ለመዝለል ለማይችል ሰው የማይዘለልበትን አማራጭ ሳያሳፍር ያሳያል። ይህን ሁሉ የሚያደርግ አሰልጣኝ ካገኘሽ፣ ሲደንስ ባያምርም አትልቀቂው።

ወደ መስታወት ዞሮ ጀርባውን የሚሰጥሽ አሰልጣኝ ነገር እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ይህ የቆየ ጉዳይ ነው። ጁዲ ሼፓርድ ሚሴት የምትባል አሜሪካዊት የጃዝ ዳንሰኛ እ.ኤ.አ. በ1969 ጃዘርሳይዝ የሚባለውን የዳንስ ስፖርት የጀመረችው ተማሪዎቿ ሲቀሩባት ጊዜ ነበር። ስትጠይቃቸው ባለሙያ ዳንሰኛ መሆን አንፈልግም፣ የዳንሰኛ ሰውነት ነው የምንፈልገው አሏት። እሷ ምን አደረገች? ከመስታወቱ አዞረቻቸው። መስታወታቸው ራሷ ሆነች። ፊት ለፊት እያዩዋት፣ እየሳቁ ሠሩ። እኔ ለቡድኔ ዛሬም ፊቴን ሰጥቼ ነው የምሠራው። ግራዬን ቀኝ እያልኩ መጥራት ለመልመድ 2 ወር ፈጅቶብኛል፣ ግን ለምጃለሁ።

በቪዲዮ ቤቴ ብሠራስ ላልሽው፣ ይቻላል። ግን መጀመሪያ «ቀኝ» የሚለው የሱን ነው ወይስ ያንቺን የሚለውን ለዪ። ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንድ ጊዜ እዪው። ፍጥነቱን ወደ 0.75 አውርደሽ እግሩን ብቻ ተከተዪ። አይገናኝም ያልሽው ቦታ ካለ ዝለዪው፣ በቦታሽ ርገጪ። ማንም አያይሽም።

ስለ ጭንቅላትም አንድ ነገር ልበልሽ። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ አንድ ጥናት ከ75 ዓመት በላይ የሆኑ 469 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ ነበር። ከአካል እንቅስቃሴዎች ሁሉ ለመርሳት በሽታ ከመጋለጥ መቀነስ ጋር ተያይዞ የተገኘው ዳንስ ብቻ ነበር። ይህ ዳንስ መድኃኒት ነው ማለት አይደለም፣ ጥናቱም እንደዚያ አላለም። ግን እኔ ኮሪዮግራፊ ስሠራ አስበዋለሁ። ሁሉንም ስቴፕ 20 ጊዜ አልደግምም። የመጀመሪያውን 32 እንዲያስታውሱ አደርግና፣ ሦስተኛው ላይ አንድ ትንሽ ነገር ቀይሬ እመልሰዋለሁ። የሚያውቁት ነገር አዲስ ልብስ ለብሶ ሲመጣ ፊታቸው ሲበራ አያለሁ። በቡድኔ ውስጥ 63 ዓመት የሆናቸው አንዲት እናት አሉ። ሲመጡ «እኔ እንኳን መያዝ አልችልም» ብለው ነበር። አሁን የኮሪዮግራፊውን 3ቱንም ክፍሎች ያለ እኔ ይመራሉ። መጀመሪያ የመሩ ቀን ቤቴ ገብቼ አልቅሻለሁ።

ወደዚያ አሰልጣኝ ከዳንኩ በኋላ ሄጄ ቪዲዮውን አሳየሁት። በትህትና ነው የነገርኩት። «ዳንስ ድፍረት ይፈልጋል» ብሎ መለሰልኝ። ስቴፑን አልቀየረውም። ሌላ ሰው ላይ ሳይደርስ ይቀራል ብዬ አላምንም።

ስለዚህ ክፍል ስትመርጪ እንዲህ አድርጊ። ከመመዝገብሽ በፊት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ ለማየት ጠይቂ። እምቢ ካሉሽ ሂጂ። ካስገቡሽ አሰልጣኙን ተዪና ከኋላ ያሉትን ሰዎች እግር እዪ። ስቴፕ ሲቀየር ከኋላ ያሉት አብረው ከተቀየሩ ጥሩ ቦታ ነው። በየ8 ቆጠራው ከተንገዳገዱ፣ ችግሩ ከፊት ነው። ስትጀምሪም ጉልበትሽ ውስጥ ምንም ድምፅ ከሰማሽ፣ ዘፈኑ መሀል ላይ ቢሆንም ቁሚ። ማንም ምንም ቢል ውጪ።

የምታስቢው ክፍል ቪዲዮ ካለው እዚሁ ለጥፊልኝ። ማታ ቁጭ ብዬ እግሩን እቆጥርልሻለሁ።