ለጠየቅከው፦ የሱሉልታ አራት ጥማድ፣ ድንች ወይስ ድርቆሽ?

ወንድሜ፣ «ሱሉልታ ያለኝን አራት ጥማድ ግማሽ በግማሽ ድንችና ድርቆሽ ላድርገው? ትምህርት ቤት ያየነው የማምረት አቅም ከርቭ እዚህ ይሠራል?» ብለሃል። ይሠራል፤ መሬቱን በየጥማዱ ለይተህ ከጻፍክ። ከርቩ ማለት ካለህ መሬት ከሁለቱ ምርቶች አብረው ሊገኙ የሚችሉትን ከፍተኛ መጠኖች የሚያሳይ መስመር ነው።

1. ለእያንዳንዱ ጥማድ ሁለት ቁጥር ያዝ፦ ሙሉው ድንች ቢሆን ስንት ኩንታል፣ ሙሉው ሣር ቢሆን ስንት እስር። መሬትህ መቼም እንደ አካባቢው ነው፤ ላይኛው ተዳፋት ውኃ አይዝም፣ ታችኛው መረሬ ክረምቱን ሙሉ ውኃ ይተኛበታል። ለማስያ ያህል አንደኛው፣ ማለትም ላይኛው፣ 40 ኩንታል ወይም 50 እስር ይስጥ፤ ሁለተኛው 30 ወይም 60፣ ሦስተኛው 20 ወይም 70፣ አራተኛው ረግረጉ 5 ወይም 80።

2. እስሩን ለኩንታሉ አካፍል። አንድ ኩንታል ድንች ላይኛው ጥማድ ላይ 1.25 እስር ያሳጣሃል፤ ቀጥሎ 2፣ ቀጥሎ 3.5፣ ረግረጉ ላይ 16። ከርቩ ወደ ውጭ የሚጎብጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከላይኛው ጀምረህ ድንቹን ስትጨምር ከ0 ኩንታልና 260 እስር ተነስተህ 40 እና 210፣ 70 እና 150፣ 90 እና 80፣ በመጨረሻም 95 እና 0 ላይ ትደርሳለህ።

«ግማሽ በግማሽ» የሚለው ምክር ግን ያናድደኛል፤ መሬቱን ሳያዩ ለሁሉም ሰው ይሰጡታል። እያንዳንዱን ጥማድ ለሁለት ብትከፍለው የምታገኘው 47.5 ኩንታልና 130 እስር ነው። ላይኞቹን ሁለቱን ለድንች፣ ታችኞቹን ለሣር ብታደርግ ደግሞ 70 ኩንታልና 150 እስር። በዚያው መሬት ሁለቱም ጨመሩ! ከከርቩ ውስጥ መቅረት ማለት ይኸው ነው። ረግረጉንማ ለድንች አታስበው። ዘር ለሄክታር 20 ኩንታል ገደማ ስለሚፈልግ ለአንድ ጥማድ 5 ኩንታል ትቀብራለህ፤ ያልበሰበሰው ተለቅሞ ዘሩን ቢመልስ ነው።

3. ከርቩ የትኛው ነጥብ ላይ እንደምትቆም አይነግርህም፤ እሱን የሚነግርህ ገበያው ነው። ከማጨጃና ከማሰሪያ በኋላ አንድ እስር 200 ብር ቢተርፈው፣ ሦስተኛው ጥማድ ላይ አንድ ኩንታል ድንች ያሳጣህ 700 ብር ነው። ድንቹ ከዘር፣ ከማዳበሪያ፣ ከመድኃኒትና ከቀን ሠራተኛ በኋላ በኩንታል ከ700 በላይ ካልተረፈው ሣሩን አትንካው። ትርፉንም ለየጥማዱ ለብቻ አስላ፤ 40 የሚሰጠውም 20 የሚሰጠውም የሚበሉት ዘር እኩል ነው።

ከሆለታ ምርምር የወጡት የድንች ዝርያዎች ጉደኔና በለጠ የሚገፉት የድንቹን ጫፍ ብቻ ነው፤ 260ው እስር እዚያው ይቀራል። ረግረጉን በቦይ ብታጠነፍፈው ግን አንድ ኩንታል ድንች እዚያ የሚያሳጣህ 16 እስር ይወርዳል። ደግሞ ይህ ስሌት የአንድ ወቅት ነው። ድንችን በየዓመቱ እዚያው ጥማድ ላይ ከደጋገምከው የሚያጠወልገው ባክቴሪያ አፈሩ ውስጥ ይሰፍራል፤ የዘንድሮው 40 ለከርሞ አይደገምም። ስለዚህ ዘር ከመግዛትህ በፊት ቁጥሮቹን በየዓመቱ እንደ አዲስ ጻፍ።