ሩብ ወይስ ሩቡ?

ጥያቄ፦ ልጄን ሂሳብ ሳስጠና «ከሁለት ሦስተኛ ላይ ሩቡ ሲቀነስ ስንት ይቀራል?» ብዬ ጻፍኩላት። እኔ 5/12 ስጠብቅ እሷ «ግማሽ» አለችኝ። ታሕቱን (የክፍልፋዩን የታችኛውን ቁጥር) ማመሳሰል አቅቷት ነው ወይስ አማርኛው የጠፋው እኔን ነው?

መልስ፦ አይቀየሙኝና ልጅዎ ልክ ናት። ጣጣው ያለው «ሩቡ» መጨረሻ ላይ የተንጠለጠለችው «ኡ» ላይ ነው።

«ሩብ» ካሉ ራሱን የቻለ ቁጥር ነው፣ 1/4። «ሩቡ» ሲሉ ግን አድማጭ ወዲያው የምኑ ሩብ ብሎ ወደ ኋላ ዞሮ ይፈልጋል። አንድ ሰው «መጽሐፉን ጀምሬ ሩቡን አነበብኩ» ቢልዎት የመጽሐፉን ሩብ እንጂ ሌላ አይመጣልዎትም አይደል? ልጅዎም እንደዚያው ቅድም የተጠራውን የ2/3ን ሩብ ፈለገች፣ 1/6 ሆነላት፣ ከዚያ 2/3ን ወደ 4/6 ቀይራ አንዱን ስድስተኛ ስታነሣ 3/6 ቀራት። ግማሽ። ታሕቱንም አመሳስላለች እኮ!

እርስዎ ያሰቡት «ከሁለት ሦስተኛ ላይ ሩብ ሲቀነስ» የሚለውን ነው። እዚህ የ3 እና የ4 ትንሹ የጋራ ብዜት 12 ስለሆነ 2/3 ወደ 8/12፣ 1/4 ደግሞ ወደ 3/12 ይመነዘራል። አሁን በቃል ያንብቡት፦ ከስምንት አሥራ ሁለተኛ ላይ ሦስት አሥራ ሁለተኛ ሲነሣ አምስት አሥራ ሁለተኛ። ላዕሉ (የላይኛው ቁጥር) ስንት እንደሆነ ይቆጥራል፣ ታሕቱ ደግሞ የሚቆጠረው ነገር ስም ነው። ሦስተኛና አራተኛ ስማቸው ለየቅል ነው፤ ከሁለት ሰዓት ላይ አርባ ደቂቃ ለመቀነስ መጀመሪያ ሰዓቱን ወደ ደቂቃ እንደምንመነዝረው ማለት ነው። ታሕቱንም ከታሕት የሚቀንስ ተማሪ (እና 1/−1 ላይ ደርሶ ግራ የሚጋባ) ስሙን እንደ ብዛት ስለቆጠረው ነው።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ልጨምር። 2/3 − 1/4ን «ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ አንድ አራተኛ» ብለን ማንበብ ለምደናል። ምልክቱን በተጻፈበት ቅደም ተከተል መጥራት ስለሆነ እኔ አልጣላውም። ዐረፍተ ነገር ውስጥ ግን አይሆንም፣ ምክንያቱም በአማርኛ «ሁለት ሦስተኛ ሲቀነስ» ካልን የሚቀነሰው ራሱ ሁለት ሦስተኛው ሆኖ ቁጭ ይላል፣ ተገላቢጦሽ። «ከ… ላይ» ካለ ግን ቦታ ቢቀያየር እንኳ ማን ከማን እንደሚቀነስ አይጠፋም፦ «አንድ አራተኛ ከሁለት ሦስተኛ ላይ ሲቀነስ» ቢሉም ያው ነው።

ጥያቄውን ሲያርሙላት «ኡ»ዋን ያጥፏት። ወይም ሁለቱንም ጎን ለጎን ይጻፉላትና አንዱ 5/12፣ ሌላው 6/12 የሆነው ለምን እንደሆነ እሷ ታስረዳዎት።