ልጄ «መልስ አልሰጠኝም» አለኝ

ጥያቄ፦ የ5 ዓመት ልጄን እታች ሱቅ ብልከው በመልሱ ማስቲካ ገዝቶ «ባለሱቁ መልስ አልሰጠኝም» አለኝ። ብቆጣው ባሰበት። በጨዋታ ማስተማር ይቻላል? (እናት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ግን በዚያው ቀን አይጀምሩ፣ ቅጣት ይመስለዋል። ሁለት ሦስት ቀን አሳልፈው ዕቃ ዕቃ ይጫወቱ። 10 ቆርኪ ብር ይሁን፤ ባዶ የክብሪት ቀፎና ሳሙና ደግሞ ሸቀጥ። እሱ ባለሱቅ፣ እርስዎ ተላኪ ልጅ፣ አሻንጉሊቷ እናት ይሁኑ። ሦስት ቆርኪ ከፍለው አንድ መልስ ይቀበሉና ኪስዎ ከተው ለአሻንጉሊቷ «መልስ የለም» ይበሏት። እዚህ ላይ ቆም ብለው «አሁን ምን ልበላት?» ብለው ልጅዎን ይጠይቁት። ዝም ካለ አይጫኑት፤ ራስዎ «እማዬ፣ ማስቲካ አምሮኝ ደበቅኩት» ይበሉ። አሻንጉሊቷ «እውነቱን ስለነገርሽኝ ደስ አለኝ፤ ቆርኪውን መልሺ፣ ሌላ ጊዜ አስቀድመሽ ጠይቂኝ» ትበል። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚሁ ነው፦ እውነት የተናገረው ሲገረፍ ያየ ልጅ የሚማረው መደበቅን ነው። ቀጥሎ ቦታ ተቀያየሩ፤ 10 ደቂቃ ይበቃል፣ ሲያበቃ «ጨዋታው አለቀ» ይበሉት። «አንበሳ ነኝ» ሲልዎ ግን ውሸታም አይበሉት፣ ያ ምናብ ነው።

ከጨዋታ ውጭም ያወቁትን ነገር «ገዝተሃል ወይ?» ብለው አይፈትኑት። «በመልሱ ማስቲካ እንደገዛህ አውቃለሁ» ብለው ይጀምሩ።