ባዝራዋ ልትወልድ ነው፦ ከጋጣው የተመለሱ ጥያቄዎች

ጥቅምት ገብቷል። ከጃን ሜዳ ወረድ ብሎ ባለው ጋጣችን ባዝሮቹ ተራ በተራ እየወለዱ ነው። ሌሊቱን ቁጭ ብዬ ስለማድር «ጠይቁኝ» ብዬ ነበር፤ ጥያቄው ጎረፈ። ተመሳሳዮቹን አጣምሬያቸዋለሁ።

ጋሼ፣ ፈረንጅ አገር ውርንጭላ የሚወለደው በፀደይ ነው ይባላል። የእናንተ ለምን ጥቅምት ሆነ?

ባዝራ ወቅቱን የምታውቀው በቀኑ ርዝመት ነው። አውሮፓ ውስጥ ቀኑ ሲያጥር ድንጉላ አታስጠጋም፤ ሲረዝም ትነሳሳለች። አዲስ አበባ ላይ ግን የረጅሙና የአጭሩ ቀን ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ እዚህ ዓመቱን ሙሉ መውለድ ይቻላል፤ ወሩን የምንመርጠው እኛ ነን። እርግዝናው በአማካይ 340 ቀን ነው። ኅዳር አጋማሽ ላይ ካስጠቃናት ጥቅምት መጨረሻ ላይ ትወልዳለች ማለት ነው። ያኔ ጭቃው ደርቋል፣ ሳሩም ገና አላለቀም።

ቀኗ መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? የእኔ 11 ወር አልፏታል፣ ጨነቀኝ።

አይጨነቁ። ከ320 እስከ 365 ቀን ያለው ሁሉ ጤናማ ሊሆን ይችላል። ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ ጡቷን ይዩ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲቀራት ጡቷ መሙላት ይጀምራል። ጫፉ ላይ ሰም የመሰለ ጠብታ ከደረቀ ብዙ ጊዜ ከአንድ እስከ አራት ቀን ነው የቀራት። የጭራዋ ሥር ይላላል። ሰሙን ሳታሳይ የምትወልድም አለች፤ አንዷ የእኛ እንደዚያ ናት፣ ሁልጊዜ ትሸውደናለች።

ሌሊቱን ምን ስትሠራ ታድራለህ?

አብዛኛውን ጊዜ ምንም። ከባዱ ሥራ እሱ ነው። ባዝራ ሰው ካየች ምጧን ልታቆየው ትችላለች፤ ለዚህም ይመስላል አብዛኞቹ ሌሊት የሚወልዱት። እኔ ከበሩ ውጭ ነኝ፣ ጋቢ ለብሼ። በጥቅምት አንድ አጥንት ይባል የለ?

መጀመሪያ ትቅበጠበጣለች፤ ትተኛለች፣ ትነሳለች፣ ያልባታል፣ ዞራ ጎኗን ታያለች። ይሄ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። የእንሽርት ውሃው ከፈሰሰ በኋላ ግን ነገሩ ፈጣን ነው፤ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ውስጥ ውርንጭላው መሬት ላይ መሆን አለበት። በትክክል የሚመጣው እንዲህ ነው፦ ሁለት የፊት እግሮች፣ አንዱ ትንሽ ቀድሞ፣ የኮቴው ሥር ወደ መሬት ዞሮ፣ አፍንጫው ጉልበቶቹ ላይ አርፎ። አንድ እግር ብቻ ከታየ፣ ወይም የኮቴው ሥር ወደ ላይ ከዞረ፣ ወዲያው ሐኪም ጋ ይደወላል። እስኪደርስ ባዝራዋን አስነስቶ ማንሸራሸር ነው፤ መጎተት ክልክል ነው።

አንድ ነገር ግን ሐኪም አይጠብቅም። መጀመሪያ የሚወጣው ሽፋን ነጣ ያለ መሆን አለበት። ቀይ፣ ከፋይ ጨርቅ የመሰለ ነገር ከመጣ የእንግዴ ልጁ ያለጊዜው ተላቋል፤ ውርንጭላው አየር እያጣ ነው። እዚያው መቅደድና ማውጣት ነው። መቀሱ ለዚህ በሩ ላይ ተሰቅሏል።

ከተወለደ በኋላስ? እትብቱን እንቁረጥ?

አትቁረጡ። እናትየዋ ስትነሳ ወይም እሱ ሲንፈራገጥ በራሱ ይበጠሳል። ከዚያ ጉቶውን ሐኪም ባዘዘው መድኃኒት መንከር ነው። ብርድ ስለሆነ በንጹሕ ጨርቅ ሰውነቱን አሹት፤ ከዚያ ዞር በሉና እናትየዋ ትላሰው።

ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ይቆማል፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ ይጠባል፣ በሦስት ሰዓት ውስጥ የእንግዴ ልጁ ይወጣል። ሦስት ሰዓት ካለፈ «ትንሽ እንጠብቅ» የሚባል ነገር የለም። የቀረ ቁራጭ ማሕፀኗን ይመርዛል፤ ኮቴዋ ድረስ ወርዶ ሊያሽመደምዳት ይችላል። የወጣውንም አትጣሉት፣ ሙሉ መሆኑን ሐኪሙ ይየው።

እንገሩ የግድ ነው? የላም ወተት ብንሰጠውስ?

የግድ ነው። ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ በሽታ የሚከላከልለት ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ ሁሉንም የሚያገኘው ከእንገሩ ነው። አንጀቱ ደግሞ ይህን የሚቀበለው ለ24 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ሰዓታት ወርቅ ናቸው። የላም ወተት ምትክ አይሆነውም፤ ከባዝራ ወተት ይልቅ ቅባቱ ይበዛል፣ ስኳሩ ያንሳል። እናት ከሞተችበት ከሐኪም ጋር ተማክሮ የፍየል ወተት የሚሞክር አለ።

የእናቱን ፋንድያ ሲበላ አየሁት! ታሟል?

ጤነኛ ነው። ለአንጀቱ የሚጠቅሙ ረቂቅ ተሕዋስያን የሚያገኘው ከዚያ ነው። አንድ ሳምንት አካባቢም ትንሽ ሊያስቀምጠው ይችላል። እየጠባና እየዘለለ ከሆነ ይተውት፤ መጥባት ካቆመ ግን በዚያው ቀን ሐኪም ይይ።

መንታ ይወልዳሉ?

እምብዛም። አብዛኛው ይጨነግፋል።

መሬቱ ላይ ሰጋቱራ ብናነጥፍስ? ጭድ ተወደደ።

መወደዱን ለእኔ አይንገሩኝ! ግን ለምትወልድ ባዝራ ጭድ ይሻላል። ደቃቅ ሰጋቱራ እርጥብ አፍንጫና እትብት ላይ ይለጠፋል። ከወለደች ከጥቂት ቀናት በኋላ ወደ ሰጋቱራ ቢመለሱ ችግር የለውም።

ከክረምት በኋላ ፈረስ የሚገድለው በሽታስ?

የአፍሪካ የፈረስ በሽታ ነው። የምታስተላልፈው ከትንኝ ያነሰች በራሪ ነፍሳት ናት፤ ከምሽት እስከ ንጋት ትበረታለች። ስለዚህ ማታ ማታ ሁሉንም ጋጣ ማስገባት ነው። ክትባቱን ቢሾፍቱ የሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርታል። ያረገዘች ካለችዎ መቼ እንደምትከተብ ከሐኪም ጋር ይወስኑ።

ልጆቼን ይዤ ልምጣ?

ይምጡ፣ ግን ከሳምንት በኋላ። አዲስ እናት ትራገጣለች።

የዘንድሮው ውርንጭላ ለጥምቀት ጃን ሜዳ ጉግስ መቼ ይደርሳል?

ቀስ በሉ እንጂ! ከእናቱ የሚለየው ራሱ ከአራት እስከ ስድስት ወር ነው። ሦስት ዓመት ሲሞላው ቀለል ያለ ሰው ይቀመጥበታል። አጥንቱ ጨርሶ የሚጠነክረው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው፤ ጉግስ ደግሞ ድንገት መቆምና መዞር ይበዛበታል። ሦስት ዓመት ላይ «ደርሷል» ብሎ ሊሸጥልዎ የሚሞክር ካለ አይግዙ።