ያልተከፈተው ደብዳቤ

ሰሞኑን አንዲት ወጣት የልብ ወለድ ረቂቋን ላከችልኝ። ታሪኩ እንግሊዝ ውስጥ ነው፣ በፈረንጆቹ ከ1811 እስከ 1820 ባለው ጊዜ። ንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛ ታመው ልጃቸው እንደራሴ ሆኖ የገዛበት ዘመን። (እንደራሴ ሲባል የእኛ ሰው ትዝ የሚለው ተፈሪ መኮንን ነው።) አንዲት ቁጥብ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት መምህርትና አንድ ሎርድ ይዋደዳሉ። «ጋሼ፣ መምህርቷ በዛች መሰለኝ፤ ትንሽ ላፍታታት?» ትለኛለች።

ይህን ጥያቄ የዛሬ ሠላሳ ዓመት መልሼዋለሁ። ያውም ሳልጠየቅ።

ያኔ አርታኢ ነበርኩ። አንዲት ልጅ በታይፕ የተመታ ረቂቅ ይዛ መጣች። ያው ዘመን፣ ያው ፍቅር። አንዱ ገጽ ላይ መምህርቷ ቁርስ እየበላች ደብዳቤ ይመጣላታል። ውጩ ላይ ሎርዱ በገዛ እጁ ፈርሟል። ቅቤ የምትቀባበትን ቢላ አስቀመጠች። ፊርማውን አየች። ሳትከፍተው ለአምጪው መለሰችለት።

በቀይ እስክሪብቶ ሰረዝኩት። ዳር ላይ «የሚወዳት ሰው የላከውን የማትከፍት ማን ናት? አይታመንም» ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ አነበበችው። ወረቀቶቿን ፌስታል ውስጥ ከታ «እሺ ጋሼ» ብላ ወጣች። ተመልሳ አልመጣችም።

ነገሩ የገባኝ ከዓመታት በኋላ ነው፣ ስለዚያ ዘመን ፖስታ ሳነብ። በፈረንጆቹ እስከ 1840 ድረስ አብዛኛውን ጊዜ የደብዳቤውን ሒሳብ የሚከፍለው ተቀባዩ ነበር። የጌቶች (የሎርዶች) ምክር ቤት አባል ግን ውጩ ላይ ከፈረመ በነፃ ይሄድለታል። ሎርዱ ወጪ አላስወጣትም ብሎ ስሟን አደባባይ አወጣው። ፊርማውን አምጪውም፣ የቤት ሠራተኛዋም አይተዋል። ያልተጫጩ ወንድና ሴት ከተጻጻፉ ወሬው ሌላ ነው። ሴት ልጆቻቸውን አምነው የሰጧት ወላጆች ቢሰሙ እንጀራዋ አበቃ። ያቺ ልጅ ይህን ሁሉ ታውቅ ነበር። ግን አንድ መስመር አላብራራችም። ቢላዋን ብቻ አስቀመጠች።

እናንተ የዛሬ ልጆች ሰማያዊዋን ምልክት አይታችሁ «አንብቦ ዘጋኝ» ትላላችሁ፤ ዝምታ ሁሉ ንቀት ይመስላችኋል። እኔስ? በእናንተ ዕድሜ የመጣልኝን ደብዳቤ በር ላይ ቆሜ ነበር የምቀደው።

አታፍታቻት፣ ልጄ። ሎርዱ ግን ሁለተኛውን ደብዳቤ ሳይፈርም ይላክ። ሒሳቡን እሷ ከቦርሳዋ ትክፈል።